ከመቼ ጀምሮ? ምንስ አስቀረ?

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ የሳይኮሎጂ ተመራቂ ናት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ተማሪ ዲግሪውን ስለማያገኝ፣ ሐዋሳ አቶቴ ያለው ቤታችን በረንዳ የጥናት ክፍል ከሆነ ሰነባብቷል። እኔ ለዓመታት ይህንኑ ትምህርት ሳስተምር የኖርኩ ሰው በመሆኔ ጠያቂው እኔ፣ መላሿ እሷ ናት። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ቅዳሜ የደረስነው «አብኖርማል ሳይኮሎጂ» የሚባለው ኮርስ ላይ ነበር። «አንድ ጠባይ ሕመም የሚባለው መቼ ነው?» ስላት ያጠናችውን ዘረገፈችው፦ ከልማድ ሲያፈነግጥ፣ ባለቤቱን ሲያሠቃይ፣ ኑሮውን ሲያውክ፣ ለራሱ ወይም ለሌላው ሲያሰጋ። አራት ጣቶቿን ዘርግታ ቆጠረችልኝ።

«ጥሩ። እትዬስ ከእነዚህ የትኛው አለባቸው?» አልኳትና በአገጬ ወደ አጥሩ ማዶ አመለከትኩ።

«እትዬ ደግሞ ምን ሆኑ ጋሼ? ደህና አይደሉ እንዴ! ዝም ብለው ነው እንጂ።»

ጎረቤታችን እንጀራ ጋግረው ለሆቴሎች የሚያስረክቡ ሴት ናቸው። ድሮ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ የምጣዳቸው አክንባሎ ሲከደንና ሲነሣ ይቀሰቅሰን ነበር። አሁን እስኪነጋ እንተኛለን። ቡና ከጠሩንም ቆይተዋል። «ምነው ጠፉ?» ሲባሉ «ወገቤን ያቃጥለኛል፤ ራሴ ላይ ደግሞ እንደ ጉንዳን ይሄድብኛል» ይላሉ። አንዱ ክሊኒክ የታይፎይድና የታይፈስ መድኃኒት ሰጣቸው፤ ሌላው የጨጓራ፤ ሦስተኛው አልትራሳውንድ አንሥቶ «ምንም የለብዎትም» ብሎ ሸኛቸው።

መናኸሪያው አካባቢ ደግሞ አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጎልማሳ አለ። በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ደርቦ ባጃጆችን ያስተናብራል። እሱን «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መልሱ ታውቋል ተብሎ። እትዬንም የሚጠይቅ የለም፤ ምንም አልሆኑም ተብሎ። እኔ ከዚህ ኮርስ ውስጥ ለተማሪም ለጎረቤትም ይጠቅማል የምለው ይህንን ስሕተት የሚያርመውን ክፍል ነው። ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው በሚያስገርመው ላይ ነው፤ ሕመሙን የሚነግሩን ግን ሁለት ተራ ጥያቄዎች ናቸው፦ ከመቼ ጀምሮ ነው? ከኑሮውስ ምን አስቀረበት?

ቋንቋችን ራሱ ወደ አንድ ጎን ያደላ ነው። ለሚጮኸው ሕመም ስም ሞልቶናል፤ እብድ፣ ወፈፌ፣ ነካ ያደረገው፣ የተለከፈ፣ ጨርቁን የጣለ። ሆስፒታሉ ሳይቀር ስድብ ሆኖ «አማኑኤል መግባት ነበረበት» እንላለን። ዝም ለሚለው ሕመም ያለን ደበረኝ፣ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ ነው፤ ሦስቱም ቡና ጠጥቶ የሚተው ነገር ይመስላሉ። ባለሙያዎች ለዲፕረሽን «ድባቴ» የሚለውን ቃል ለማስለመድ የሚደክሙት በዚህ ምክንያት ነው። ወጣቱ በበኩሉ ከቲክቶክ በለቀመው ቃል ኔትወርክ ሲጠፋበት «ዲፕረስ ሆንኩ»፣ የፍቅረኛው ፊት ከጠዋት እስከ ማታ ሲለዋወጥበት «ባይፖላር ናት»፣ ጫማ አስተካክሎ የሚደረድረውን ጓደኛውን «ኦሲዲ አለበት» ይላል። አዛውንቱ ዘንድ ቃል ጠፋ፣ ወጣቱ ዘንድ ቃል ረከሰ፤ እትዬ በሁለቱም መካከል ወደቁ።

ወደ አራቱ ጣቶች እንመለስ። ከልማድ ማፈንገጥ የሚባለው የመጀመሪያው ነጥብ ብቻውን ምንም አይነግረንም። እዚህ አገር ለቅሶ ላይ ደረቷን የምትመታ፣ ፊቷን የምትነጭ፣ መሬት ላይ የምትንከባለል እናት እናውቃለን። አገራችንን የማያውቅ ሐኪም ቢያያት መርፌ ሊያዝላት ይችላል፤ እኛ ግን አልቅሳ ይውጣላት እንላለን። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር የሚያወጣው ዲኤስኤም የተባለው የምርመራ መመሪያም ከዚህ አይርቅም፤ የሚወዱትን ሰው ለማጣት ባህል የሚቀበለው ምላሽ የአእምሮ ሕመም አይባልም ይላል። ልማዱን የሚያወጣው ማን እንደሆነ መጠየቅም ተገቢ ነው። በ1851 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ የሉዊዚያና ሐኪም ከጌታቸው የሚያመልጡ ጥቁር ባሪያዎች «ድራፔቶማኒያ» የተባለ የአእምሮ በሽታ ይዟቸው ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ነፃነት መፈለግን በሽታ ያደረገው ባለ ስቴቶስኮፕ ሰው ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ለአፍታ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ «አብኖርማል» የሚለውን ቃል ሲጠሩ ጠንቀቅ ማለት ይጀምራሉ።

አደጋ የሚለው አራተኛው ነጥብም ከእውነታው በላይ የገነነ ነው። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በማንም ላይ እጃቸውን አያነሡም፤ ሰው ከሚጎዱት ይልቅ ሰው የሚጎዳቸው ይበዛሉ። ድንጋይ የሚወረወርበትን እንጂ የሚወረውረውን ልጅ «አደገኛ» ያልነው ጊዜ ትዝ አይለኝም። ሥቃይ የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ደግሞ አንዳንዴ ከነጭራሹ አይገኝም፤ ቆይተን የምናየው የማኒያ፣ የልክ ያለፈ መነቃቃት፣ ሕመምተኛ በሕይወቱ እንደዚያ ተደስቶ አያውቅም። በመጨረሻ የሚቀረን ሦስተኛው ነው፤ ሰውየው ይሠራ የነበረውን መሥራት፣ ይወድ የነበረውን መውደድ፣ ራሱን መጠበቅ አቅቶታል ወይ? በዚያ ላይ ጊዜ ይጨመርበታል።

ጊዜው ፈተና ላይ ስለሚመጣ ተማሪዎች በቁጥር ይሸመድዱታል። ለድባቴ ሁለት ሳምንት፤ ለማኒያ አንድ ሳምንት፤ ልክ ለሌለው አጠቃላይ ጭንቀት ስድስት ወር፤ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ለሚመጣው ፒቲኤስዲ ከአንድ ወር በላይ። ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ የኀዘኑ ነው። የተራዘመ ኀዘን እንደ ሕመም መመሪያዎቹ ውስጥ የገባው በቅርቡ ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ፣ አይሲዲ 11፣ ቢያንስ ስድስት ወር ይላል፤ በዚያው ዓመት የተሻሻለው ዲኤስኤም ለአዋቂ ሰው አሥራ ሁለት ወር ይላል። እኛ ስድስተኛ ወሩን መንፈቅ፣ ዓመቱን ሙት ዓመት ብለን ስንዘክር ኖረናል። ጄኔቫና ዋሽንግተን በስብሰባ የተከራከሩበትን ጊዜ የእኛ ድግስ ቀድሞ ቆርጦታል ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ሁለቱም የሚጠይቁት ያው ነው። በሙት ዓመቱ ጥቁሯን አውልቃ ወደ ገበያዋ የተመለሰች ሴትና ዓመት አልፎም የልጇን አልጋ እንዳነጠፈች የምትጠብቅ፣ እህል የማትቀምስ ሴት አንድ ዓይነት ኀዘን ላይ አይደሉም።

ድባቴ

እዚህ ላይ ረገጥ አድርጌ ልሂድ፤ ከሁሉ የምንስተው ይህን ነውና። መመሪያው ዘጠኝ ምልክቶች ይዘረዝራል። ከእነሱ ቢያንስ አምስቱ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ አብዛኛውን ቀን ሊኖሩ ይገባል፤ ከአምስቱም አንዱ የግድ የተጫነ ስሜት ወይም ቀድሞ ደስ ይል በነበረ ነገር ደስታ ማጣት መሆን አለበት። የቀሩት የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ የሰውነት መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ ዋጋ ቢስነትና የማይገባ ጥፋተኝነት፣ በመጨረሻም የሞት ሐሳብ ናቸው። ልብ በሉ፤ ማልቀስ የግድ አይደለም። «አዝኛለሁ» ማለትም የግድ አይደለም፤ የደስታ መጥፋቱ ብቻ በቂ መነሻ ነው።

የእኛ ሰው ድባቴን የሚናገረው በሰውነቱ ነው። ያቃጥለኛል፣ ይወረኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ልቤን ድክም ያደርገኛል፣ ራሴን ይከብደኛል። ይህ ማስመሰል አይደለም፤ ድባቴ እንቅልፍን፣ ጡንቻን፣ ሆድን፣ የሕመም ስሜት የሚያልፍበትን መንገድ ሁሉ ይነካል። ሐኪሙ ወገብ ሲባል ወገብን ይመረምራል፤ ወገቡ ደህና ሲሆን «ምንም የለብዎትም» ይላል። ይህን ዐረፍተ ነገር ከሕክምና ቤት ቢያጠፉልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ታማሚዋ የምትሰማው «ውሸታም ነሽ» የሚል ነውና፣ ቀጥሎ የምትሄደው ወይ ወደ ሌላ ክሊኒክ ነው፣ ወይ ወደ አዋቂ፣ ወይ ወደ አልጋዋ።

የእህቴን ልጅ እትዬን በዚህ መዝኚያቸው አልኳት። እንቅልፍ? ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነቅተው ጣራ ሲያዩ እንደሚያድሩ እናቷ ነግራታለች። ምግብ? ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። ድካም? ምጣዱ ቀዝቅዟል። ደስታ? ከቤታቸው የማይጠፋው ቡና ቀርቷል። ሐሳብ? ባለፈው የሱቅ ሒሳብ ሦስት ጊዜ ቆጥረው ለባለሱቁ «አንተው ቁጠረው» ብለው ሰጥተውታል፤ በልጅነታቸው ክብሪት ቆጥረው የሚነግዱ ሴት! አምስት ሞላ። ልጅቷ ጣቶቿን አጥፋ ዝም አለች።

«ግን እኮ ጋሼ» አለችኝ ቆይታ፣ «ስለ ሞት ማሰቡን ማን ይጠይቃቸዋል? ብጠይቃቸው ሐሳቡን አላመጣባቸውም?»

አያመጣም። ይህ በጥናት ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው፤ «ኑሮው መሮዎት መሞት ተመኝተው ያውቃሉ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም፤ ላለበት ሰው ሸክሙን የሚያወርድበት በር ይከፍትለታል። «ተመኝቻለሁ» ካለ ደግሞ ብቻውን አይተውም፤ በዚያው ቀን ባለሙያ ያያዋል።

የሚያስፈራውና የሚደጋገመው

ስለ ጭንቀት ሕመሞች አጠር ላድርግ። ሁለቱ ብቻ ማብራሪያ ይፈልጋሉ። አንደኛው ፓኒክ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ድንገት ልብ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይደነዝዛል፣ ሰውየው «ሞትኩ!» ይላል። በደቂቃዎች ውስጥ ጣራ ይነካል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይበርዳል። ሆስፒታል ሲደርስ የልብ ምርመራው ንጹሕ ነው። ሕመሙ የሚጸናው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰውየው ፍርሃቱን ራሱን መፍራት ይጀምራል። ሚኒባስ ይተዋል፣ ቀጥሎ ገበያ፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን። በሸሸ ቁጥር ፍርሃቱ «ባትሸሽ ሞተህ ነበር» እያለ ያሳምነዋል። ሕክምናው በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የሚፈራውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ፣ ፍርሃቱ በራሱ እስኪወርድ ድረስ ሳይሸሹ መቆየት። ሁለተኛው ኦሲዲ ነው፤ ከጫማ መደርደር ጋር ዝምድናው ጥቂት ነው። ሰውየው የማይፈልገው ሐሳብ እየመጣ ያስጨንቀዋል፤ ያንን ለማብረድ አንድ ድርጊት ይደጋግማል። ሙስሊም ወገኖቻችን ወስዋስ የሚሉት ነገር አንዱ መልኩ ነው፤ ውዱእ አልሞላልኝም ብሎ አሥራ አምስት ጊዜ የሚታጠብ፣ ሶላት ያመለጠው። ክርስቲያኑም ጸሎት ላይ ሲቆም ስድብ ሐሳብ እየመጣበት በቀን ሦስቴ ንስሐ አባቱ ጋ ይሮጣል። አስተዋይ ኢማምና አስተዋይ ካህን ሁለቱም «አትድገመው» ይሉታል፤ የሥነ ልቦና ሕክምናውም መሠረቱ ይኸው ነው።

ወደሚጮኸው ሕመም ስንመጣ

ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ስም በ1908 እ.ኤ.አ. ያወጣው የስዊዘርላንዱ ኦይገን ብሎይለር ነው። ቃሉ «የተሰነጠቀ አእምሮ» ስለሚል ብዙ ሰው «ሁለት ሰው የሚሆን ሰው» ይመስለዋል፤ አይደለም። የተሰነጠቀው ሐሳብ ከስሜት፣ ስሜትም ከድርጊት ነው። በዓለም ከሦስት መቶ ሰው አንዱን ይይዛል። የሌለ ድምፅ መስማት፣ ማንም ሊነቅለው የማይችል የተሳሳተ እምነት፣ የንግግር መዘባረቅ የሚጮኸው ገጽታው ነው። ሌላ ገጽታ አለው፤ ፍላጎት ማጣት፣ አለመናገር፣ አለመታጠብ፣ ፊት ላይ ስሜት መጥፋት። ቤተሰብ ይህን ስንፍና ይለዋል። «መድኃኒቱ ድምፁን አጠፋለት፤ አሁን ስንፍናው ነው ያስቸገረን» ያሉኝን እናት አልረሳቸውም። ስንፍና ያሉት የሕመሙ ግማሽ ነበር፤ ሰውን ከትምህርትና ከትዳር የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ ያኛው ዝምተኛው ግማሽ ነው።

መድኃኒቱም ራሱ ይታማል። ክሎርፕሮማዚን በ1952 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ሲጀምር ሰንሰለት ያስፈታ መድኃኒት ተብሎ ነበር። ይህና መሰሎቹ የሚሠሩት ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ በመከልከል ነው፤ ያው ዶፓሚን እንቅስቃሴንም ስለሚመራ መጠኑ ሲበዛ ሰውነት ይገተራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ለሃጭ ይወርዳል። ሰፈር «መድኃኒቱ አደነዘዘው» ሲል ውሸት አይደለም። ግን መፍትሔው መጠኑን ማስተካከል፣ ወይም ማለዘቢያ መጨመር፣ ወይም ሌላ መድኃኒት መሞከር ነው። ለባለሙያው ሳይነግሩ ማቋረጥ ሕመሙን ብዙ ጊዜ ካለበት አብሶ ይመልሰዋል።

ድባቴና ማኒያ የሚፈራረቁበትን ባይፖላርን ከፍቅረኛ ኩርፊያ የሚለየውም ጊዜ ነው። ማኒያ ቢያንስ ሳምንት ይቆያል፤ በቀን ሦስቴ አይለዋወጥም። አንድ የማውቀው የልብስ ነጋዴ ሳምንት ሙሉ በቀን ሁለት ሰዓት እየተኛ ሦስት ሱቅ ተከራየ፣ ለማያውቃቸው ልጆች ስልክ ገዛ፣ ሌሊት እየተነሣ ለሸሪኮቹ ደወለ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም «ጎበዘ፣ ነቃ» ብሎ አሞገሰው። ዕዳው ሲመጣ «መተት ተደረገበት» ተባለ። ከዚያ በፊት የነበረውን ሦስት ወር፣ ሱቁን በሰዓቱ መክፈት ያቃተውን ጊዜ፣ ያስታወሰ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ተቀጣሪው ልጅ። ይህ መረጃ ለሐኪሙ ወርቅ ነው። ባይፖላር ያለበት ሰው በድባቴው ወቅት ቀርቦ የድባቴ መድኃኒት ብቻ ከተሰጠው ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላልና። እንደ ሊትየም ያሉ ስሜትን የሚያረጉ መድኃኒቶች የሚታዘዙት ለዚህ ነው፤ የሊትየምን ጥቅም አውስትራሊያዊው ጆን ኬድ የጻፈው በ1949 እ.ኤ.አ. ነበር።

ከዚህ ሁሉ ለይተን ማየት ያለብን ደግሞ አለ። እብደት ይመስላል፤ የሚያስፈልገው ግን ድንገተኛ ክፍል ነው። ለዓመታት አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም፣ ብዙ ጊዜ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳው ላይ ነፍሳት ያያል፣ ቀንና ሌሊቱን ይስታል፣ ሰውነቱ ይግላል። ጾም ሲያዝ ወይም ዘመድ አፋፍሶ ጠበል ሲወስደው ስለሚከሰት «ጋኔኑ ተነሣ» ይባላል። ሳይታከም ሊገድል ይችላል፤ ሆስፒታል ውስጥ ግን ዲያዜፓም፣ ፈሳሽና ቫይታሚን ቢ1 ያድኑታል። በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ የከዳት፣ የምትቀባጥር፣ ልጇን የምትጠራጠር አራስም እንዲሁ ናት፤ ከሺህ ወላዶች አንዲት ወይም ሁለት ላይ የሚደርስ ነው። አያቶቻችን አራስን ብቻዋን አለመተዋቸው፣ ትራሷ ሥር ቢላ ማኖራቸው ምን አይተው እንደሆነ እገምታለሁ። አለመተዉ ይቀጥል፤ ቢላው ግን ይነሣና ሆስፒታል ትሂድ። ትኩሳት ይዞት የሚቀባጥርም ሰው ወባ ወይም ማጅራት ገትር እንዳለበት ሳይታይ የአእምሮ ሕመምተኛ አይባልም።

ጫቱንም ሳላነሣው አላልፍም፤ ወንዶ ገነት አፍንጫችን ሥር ናት። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ስለሚዳከም ነው ጫት የጫነው መኪና እንደዚያ የሚበረው። ብዙ ሰው ቅሞ መርቅኖ ይተኛል። ከቀን ቀን መጠኑን የጨመረ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ማታ ማታ ጨብሲ የሚያስከትል፣ ወይም በዘሩ ሕመሙ ያለበት ሰው ግን «እየተከታተሉኝ ነው» ማለት ሊጀምር ይችላል። ሲያቆም ከጠራለት አንድ ነገር ነው፤ ካልጠራለት ሌላ ነው። እዚህም ላይ ጥያቄው ከመቼ ጀምሮ የሚለው ነው፤ ከጫቱ በፊት ወይስ በኋላ?

መንስኤው

ቤተሰብ ሁልጊዜ አንድ ጥፋተኛ ይፈልጋል። መተት፣ ዓይነ ጥላ፣ የትምህርት ብዛት፣ የከዳችው ልጅ። አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ኤንግል በ1977 እ.ኤ.አ. ያቀረበው አመለካከት አካልን፣ ሥነ ልቦናንና ማኅበራዊ ኑሮን አንድ ላይ አስቀመጠ፤ ዛሬ ሁሉም ትምህርት ቤት የሚያስተምረው እሱን ነው። ለማስረዳት የምጠቀመው መንትዮችን ነው። በዘረ መል ፍጹም አንድ ከሆኑ መንትዮች አንዱ ስኪዞፍሬንያ ቢይዘው ሌላውን የሚይዘው ከግማሽ ባልበለጡት ላይ ነው። ዘር ብቻውን ቢሆን ሁሉንም በያዘ ነበር፤ ዘር ባይኖርበት ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው ከሦስት መቶ አንዱን። በጎጆ ብመስለው፣ አንዳንዱ ሲወለድ ጀምሮ ምሰሶው የሳሳ ነው፤ ሌላው ወፍራም ነው። የሳሳውን ትንሽ ነፋስ፣ ወፍራሙን ጎርፍ ይጥለዋል። ለእናቶች ይህን ስነግራቸው የሚበዙት የሚጠይቁኝ «ታዲያ እኔ አይደለሁም ያሳመምኩት?» ብለው ነው።

የታከመ ስንት ነው?

ከእኛ በስተ ሰሜን ያለችው ቡታጅራ በዚህ ዘርፍ በዓለም የታወቀች ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት እየዞረ መረመረ። ስኪዞፍሬንያ ከተገኘባቸው መካከል ቀድሞ መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከአሥሩ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ለዓመታት ሲከታተሏቸው ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ ታየ፤ ከገዳዮቹም ዋናው ተራ ተላላፊ በሽታ ነበር። ሳንባ ነቀርሳ የያዘውን «እብድ» ማን ያስመረምረዋል?

በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሩ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ሳይካትሪስት ያልሆነ ነርስና ጤና መኮንን እነዚህን ሕመሞች እንዲያክም የሚያስችል ነው፤ በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ተሞክሮም ጤና ጣቢያ ውስጥ እንደሚቻል ታይቷል። እዚህ ሐዋሳም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍል አለው። ጠበሉና ጸሎቱስ? ከመድኃኒት ጋር የሚጣላው ጸሎቱ አይደለም፤ የሚጣሉት ሰንሰለቱና «መድኃኒቱን ጣለው» የሚለው ትእዛዝ ናቸው። የተጠመቀ ሰው ማታ ኪኒኑን ቢውጥ የጠበሉ በረከት አይቀንስበትም፤ ይህን የሚሉ ካህናት አሉ፣ ቢበዙልን።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእህቴ ልጅ እትዬ ቤት ቡና ይዛ ሄደች፤ እሳቸው ስለማይጠሩን እኛ ጠራናቸው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስትጠይቃቸው «ከፋሲካ ወዲህ» አሉ። ምን እንደቀረባቸው ስትጠይቃቸው ብዙ ቆይተው «ሊጡን ሳቦካ የሚሸተኝ ሽታ ነበር፤ እሱ ጠፋ» አሉ። ሐሙስ አብረን ሆስፒታል ሄድን። ነርሷ ወገባቸውን ቀድማ ጠየቀቻቸው፣ ከዚያ እንቅልፋቸውን፣ ከዚያ ስለ መሞት ማሰብን፤ የመጨረሻውን ሲመልሱ ልጅቷን ውጪ እንድትጠብቅ አዘዟት። የተሰጣቸው ኪኒን ውጤቱ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ወይም ከዚያ በኋላ መሆኑ ተነገራቸው፤ ቀድሞ የሚመጣው የማቅለሽለሽ ነገር ነው። በስምንተኛው ቀን «ሆዴን አወከኝ እንጂ አልረዳኝም» ብለው ተዉት። የእህቴ ልጅ የፈተና ወረቀቷን ጥላ ሄዳ ከምግብ ጋር እንዲወስዱት ለምና አስጀመረቻቸው። አሁን ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ምጣዱ ገና አልተጣደም፤ ትናንት ግን አክንባሎውን አውጥተው ፀሐይ ላይ አስጥተውት አየሁ።